ጋሼ ዓለሙ ጫማቸውን ያወለቁ ዕለት

ትናንት፣ በስደት በምኖርበት ያራቪል ሰፈር፣ ወጥ ቤቴ ውስጥ ሽንኩርት ስከትፍ ሬዲዮው የአንድ ሩሲያዊ የሙዚቃ ደራሲ የጸሎት ዜማ ለቀቀብኝ፤ ያለ መሣሪያ፣ በሰው ድምፅ ብቻ የሚዘመረውን። ቢላዋውን አስቀመጥኩ። ሰው ቢያየኝ ሽንኩርቱ ነው ያስለቀሳት ይላል፤ ይበል።

በፈረንጆቹ 2013 ነው፤ ተማሪ ነበርኩ። የምኖረው ካርልተን በሚባለው ሰፈር፣ የመንግሥት ፎቆቹ ላይ፣ የአባቴ አብሮ አደግ ከሆኑት ከጋሼ ዓለሙ ጋር ነበር። ጋሼ በወጣትነታቸው ሶቪየት ኅብረት ተምረዋል። እዚያ አንድ ቀን መዘምራን ይህን ዜማ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲለማመዱ፣ እሳቸው ግን ሲገቡ ካድሬ እንዳያያቸው ፈርተው ከደጅ፣ በረዶ ላይ ቆመው ሰሙት።

«አልገባሁም። እስካሁን ይቆጨኛል» ይሉኝ ነበር፣ ማታ የምስር ሾርባ እየጠጣን። ስለ ዜማው ደራሲ ማውራት አይሰለቻቸውም። «የመጀመሪያ ትልቅ ድርሰቱ ሲነቀፍበት ሦስት ዓመት ብዕር አላነሣም። አብዮቱ ሲመጣ አገሩን ጥሎ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ የጻፈው ጥቂት ነው። ለምን እንደሆነ የገባኝ እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው።»

ታዲያ ዜማው ከተማ መሀል፣ አንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በኮንሰርት እንደሚቀርብ ሳይ ሁለት ቲኬት ቡክ አደረግሁ። ጋሼ ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ነጠላቸውን ከካፖርታቸው በላይ ጣል አድርገው፣ በዚያ ብርድ ትራም ጠበቅን።

በሩ ላይ ስንደርስ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ። ክው አልኩ።

«ጋሼ፣ ኮንሰርት እኮ ነው። ሰው እያየን ነው» አልኳቸው።

«ቤቱስ የማን ነው ልጄ?» አሉኝ በለሆሳስ።

እኔ የሰው ዓይን ፈራሁ። ጫማቸውን አንሥቼ እግራቸው ሥር አስቀመጥኩላቸው፤ አጠለቁ። መዘምራኑ ሲጀምሩ ሊነሡ ሲሉ ደግሞ እጅጌያቸውን ያዝኩ፤ ተቀመጡ። እስኪያልቅ ድረስ አንገታቸውን እንደ ደፉ ነበር።

ስንመለስ ትራም ላይ «እንዴት ነበር?» ብላቸው፣ «ቆንጆ ነበር፤ እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ፣ ለእንግዳ ሰው እንደሚባለው። ከዚያ ወዲያ ስለ ዜማው አንሥተውልኝ አያውቁም።

ጋሼ ካረፉ ቆዩ። ይናፍቁኛል። «ልጅነት ነው» እያልኩ ራሴን ላጽናና እሞክራለሁ፤ አይሆንልኝም። ጫማቸውን ያወለቁት ለእግዜር ነበር፤ እኔ ያስጠለቅኳቸው ለማላውቃቸው ሰዎች ብዬ ነው። ከነዚያ ሰዎች ዛሬ የአንዱን መልክ እንኳ አላስታውስም።