ከደቻቱ ጎርፍ ማግስት

እርጥብ ኖራ በሸተተኝ ቁጥር በድሬዳዋ ከመሬት በታች ተሠርቶ በኖራ የተለሰነው አሮጌ የውሃ ማጠራቀሚያ ይታወሰኛል። ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ በልጅነቴ ነው። የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ታላቅ ወንድሜን በወሰደ ማግስት፣ ጎርፉ በቦይ እዚያ ገብቷል ሲባል አባቴ እጄን ይዞ ወደዚያ ወሰደኝ። ዘበኛው አደም መስታወት ወደ ፀሐይ አዙሮ ብርሃኑን ወደ ጨለማው ላከው። በጥቁሩ ውሃ ላይ ግንድና ቅጠል ብቻ ተንሳፍፎ ታየ።

«አልሐምዱሊላህ! እዚህ የለም አቦ፣ አይዞህ» አለው አደም። እኔ በደስታ አጨበጨብኩ።

አባቴ ግን ድንጋይ ላይ ተቀመጠና «እዚህ ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አለ። ወንድሜን የጠላው መሰለኝ።

አስከሬኑ አልተገኘም፤ መቃብርም የለውም። አባቴ እስኪሞት ድረስ ጎርፍ ባለፈ ቁጥር የደቻቱን አሸዋ እያየ ቁልቁል ይሄድ ነበር። አሁን የምሄደው እኔ ነኝ።