ፊቱ ወደ እኛ የሆነው ቀዛፊ

አያቴ የካ ባለው ቤታቸው ሳሎን፣ ከመቶ ዓመት በፊት በመዳብ ተቀርጾ የታተመ ስዕል ሰቅለው ነበር። ከውሃው ማዶ የምጽዋ ወደብ ከተማ ይታያል፤ ወዲህ ደግሞ አንድ ሰው ጀልባ ይቀዝፋል። እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ "ይኼ ሰውዬ እየመጣ ነው እየሄደ?" ይላሉ።

"እየመጣ ነዋ አባባ! ፊቱ ወደ እኛ አይደል?"

በወጣትነታቸው ምጽዋ ሠርተዋልና ይስቃሉ። "ቀዛፊ ለሚሄድበት ጀርባውን ነው የሚሰጠው። የሚያየው የሚለያቸውን ነው።"

ወደቡ የሌላ አገር ከሆነ በኋላም ስዕሉን አላወረዱትም።

ሲደክሙ፣ እንዲያዩት ብለን አልጋቸውን ስዕሉ ፊት ለፊት አደረግንላቸው። "አዙሩኝ" አሉን።

አልጋው ተነስቶ ቦታው ዛሬ ባዶ ነው፤ ባየሁት ቁጥር እጄን በአፌ እጭናለሁ። ለከተማው ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ዓይናቸውን ከእኛ ሳይነቅሉ ሄዱ።