ሁለት ትከሻ

ባለፈው እሑድ የእድራችን ጸሐፊ አንድ ወረቀት ሊያስፈርመኝ መጣ። «ዕውቅና በሌለው እድር የተመዘገበ አባል ይሰረዛል» ይላል። ኮንዶሚኒየም የገቡት ወጣቶች የራሳቸውን እድር ማቋቋማቸው የእኛን ሰዎች አስቆጥቷል። ሊቀ መንበሩ እኔ ነኝና ፊርማዬ ይቀድማል። አንብቤ ሳቅሁ። ይህን ደንብ ከሃያ ሦስት ዓመቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ያኔ ባሕር ዳር ጨርቅ ፋብሪካ እሠራ ነበር። አባቴ ሲሞት የእድር አባልነቱ ወደ እኔ ተላለፈ። እድሩ የቤት ባለቤት እንጂ ተከራይ አይቀበልም፤ ተከራይ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም ይሉ ነበር ሽማግሌዎቹ። ከደሴ መጥቶ በኪራይ ቤት የሚኖረው ባልደረባዬ ጌትነት ሚስቱ ስትሞትበት ቃሬዛውን የተሸከምነው አራት ሰዎች ብቻ ነበርን። በዚያ የሐምሌ ጭቃ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ የሚቀይረን አላገኘንም። ትከሻዬ በሳምንቱ ዳነ፤ ሆዴ ግን አልሻረም። ተከራዮቹ የራሳቸውን እድር ሲያቋቁሙ እኔም ገባሁ።

ሽማግሌዎቹ ሐይቁ ዳር፣ ዋርካው ሥር ጠሩኝ። ሰብሳቢው አያ ዳኘው ነበሩ።

«ከሁለት አንዱን ምረጥ» አሉኝ። «እናትህ እንደሁ ታማለች። ማን ሊቀብርልህ ነው?»

እውነታቸውን ነው፤ እናቴ ከፋሲካ ወዲህ ከአልጋ አልተነሳችም። ፈራሁ። አፌ ግን ቀደመኝ።

«አያ ዳኘው፣ እግዜር ሁለት ትከሻ ሰጥቶኛል። አንዱ ለእናንተ፣ አንዱ ለእነሱ።»

ሰረዙኝ። ለእናቴ ስነግራት፣ «ከስቼ የለ፣ አልከብዳችሁም» አለችኝ።

ጳጉሜን ላይ ዐረፈች። ጡሩምባ አልተነፋላትም፤ የእድሩ ድንኳንም አልመጣም። ተከራዮቹ ገና ድንኳን ስላልነበራቸው ብጥስጣሽ አቡጀዲ ሰፍተው ግቢዬ ውስጥ ወጠሩ፤ ዝናቡ እያለፈ ንፍሮውን አራሰው። ቃሬዛው ሲነሳ ጌትነትና እኔ ከፊት ገባን። መንገድ ላይ አንድ ሰው ከኋላዬ መጥቶ ሸክሜን ተቀበለኝ። ዞር ብል አያ ዳኘው ናቸው።

«ደንቡስ?» አልኋቸው።

«ዝም ብለህ ሂድ» አሉኝ።

ለተሰረዘ ሰው ቃሬዛ ተሸከሙ ብሎ እሳቸውን የሚሰርዝ ደፋር አልተገኘም። በዓመቱ ይህ ደንብም፣ ተከራይን የሚከለክለውም ቀረ፤ እኔም ተመለስሁ፤ ጌትነትም አብሮኝ ገባ።

ለጸሐፊው ወረቀቱን ሳልፈርም መለስሁለት። ትናንት ደግሞ ኮንዶሚኒየሙ ድረስ ሄጄ በወጣቶቹ መዝገብ ስሜን አስጻፍሁ። ሰባን አልፌያለሁና ትከሻዬ ከእንግዲህ ለቃሬዛ አይረባም። ሰው የሚሰረዝ ከሆነ ግን ከሊቀ መንበሩ ይጀመር።