ዝናብ የነበረችው እህቴ

የእህቴ ባል ጫማ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ነው። ጫማውን ያጥፋል፣ ስፌቱን ይጎትታል፣ ሶሉን ውሃ ውስጥ ይነክራል። እንከን ሲያገኝ ቀይ ማኅተሙን አንስቶ «ውድቅ!» ይላል፤ ሲያጣ ቅር ይለዋል። ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ «ውድቅ» ብለው ነው የሚጠሩት። እኔ የሚስቱ ታናሽ እህት ስለሆንኩ በአክብሮት ጋሼ ውድቅ እለዋለሁ። እህቴ በዚህ ሰው ፊት እንዴት እንዳለፈች እስካሁን አልገባኝም።

እህቴ ብዙ የምትመኝ ሰው አይደለችም። በማድ ቤቷ መስኮት አንድ ተራራ ይታያል፤ ሽንኩርት ስትከትፍም ዕቃ ስታጥብም ዓይኗ እሱ ላይ ነው። «አንድ ሌሊት እዚያ ላይ ልደርና ጠዋት ይቺን መስኮት ከላይ ሆኜ ልያት» ትላለች። ሐኪሙ ደግሞ ጉልበቷን ዳስሶ፣ አቀበት ካማራት ዘንድሮ እንጂ ከርሞ እንደማይሆንላት ቁርጡን ነገራት።

«እንሄዳለን» አለ ጋሼ። «ግን የላይኛው ንፋስ የዋዛ አይደለም፤ በረዶውም ይፈነክታል። መጀመሪያ የሚያስተማምን ድንኳን ይመረጥ።»

«እሺ» አለች። ከአፏ ባልወጣ ኖሮ!

የመጀመሪያው ድንኳን መጥቶ ግቢው መሃል ተተከለ። ጋሼ ገብቶ ዚፑን ዘጋ። እህቴ ወንበር ላይ ቆማ በአትክልት ውሃ ማጠጫ ከላይ ታወርድበት ጀመር። እኔ ቬንትሌተር ታቅፌ ንፋስ ሆንኩ።

«ጨምሪ!» ይላል ከውስጥ።

ትጨምራለች።

«ይሄ ዝናብ ነው? ይሄ ካፊያ ነው! ጨምሪ!»

እንግዲህ ድንኳን ውስጥ ማደር ያማራት ሴት ዝናብ ሆና ተቀጠረች። ያ ድንኳን በስፌቱ ውሃ አስገባና ወደቀ። የሁለተኛው ስፌት ደህና ነበር፤ ዘንጉ ግን አንዴ ጎብጦ አልመለስ አለ። ሦስተኛው ከላይ ጠብታ አላስገባም። ጋሼ ተሸፋፍኖ ሲቆይ የራሱ ትንፋሽ ጣሪያው ላይ ውሃ ሆኖ አፍንጫው ላይ ጠብ አለበት። ውድቅ! የወደቀውን እየመለሰ የሚለውጥበት ባለሱቅ መጀመሪያ ሰሞን «ወንድሜ፣ ግባ» እያለ ይቀበለው ነበር፤ ኋላ ኋላ ከሩቅ ሲያየው ጓዳ ይገባ ጀመር።

«መራጭ ይወድቃል ከምራጭ» ትለዋለች እህቴ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላታል።

በተረት ሲደባደቡ ወራት አለፉ። ጉልበት ደግሞ ተረት አይሰማም። አንድ ቀን መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ጉልበቷን እያሸች ተራራውን ስታይ አገኘኋት።

«እትዬ፣ እሱን ተይውና እኔና አንቺ በላስቲክም ቢሆን እንውጣ» አልኳት።

«ከእሱ ጋር ነው ያማረኝ» አለች። ምን ይባላል? ሞኝ ናት።

የመጨረሻው ድንኳን ዝቅ ያለና ቀጠን ያለ ነበር። ጋሼ ገና ሲያየው ፊቱ በራ። «ይሄን ንፋስ በየት በኩል ይይዘዋል? ጥበቡ ጠባብነቱ ነው!» እህቴ በማጠጫውም በባልዲም አወረደችበት። ሲወጣ ከነካልሲው ደረቅ ነው፤ እሷ ግን እስከ እግሯ በስብሳለች። ጋሼ እንከን አጥቶ ጥቂት ካኮረፈ በኋላ እያቅማማ «አልፏል» አለ።

የቀረውን የነገረችኝ እህቴ ናት። ጉልበቷን በፋሻ አስራ፣ በየድንጋዩ እያረፈች ወጣች። አናቱ ላይ ሲደርሱ ሰማዩ ጠቁሯል። ጋሼ እጁ ከመልመዱ የተነሳ ካስማውን መትቶ፣ ገመዱን ወጥሮ ለመጨረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ወዲያው በረዶው ጀመረ።

«ግቢ፣ ግቢ!»

ገብታ ጋደም አለች። እሱም ተከተላት። ጭንቅላቱ ገባ፣ አንድ ትከሻው ገባ፤ የቀረው አልገባም። በጎኑ ሞከረ፤ ዞሮም በእግሩ ሞከረ። በረዶው ጀርባውን እየወቀረው ነገሩ ተገለጠለት። በዚያ ሁሉ ፍተሻ ውስጥ ገብቶ የሚጋደመው እሱ ብቻ ነበር፤ እሷ ዝናብ ነበረች። ስፌቱ፣ ዚፑ፣ ዘንጉ ተመርምሯል። ስንት ሰው ያሳድራል ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

«አንተ ግባ» አለችው። «እኔ ለምጄዋለሁ።»

ጋሼ ውድቅ ዚፑን ከውጭ ዘጋላት፤ ዝናብ ልብሱን ደርቦ፣ የድንኳኑን መያዣ ከረጢት አናቱ ላይ ደፍቶ ከአንድ ቋጥኝ ሥር ተኮራመተ። በረዶው ሲብስበት ከድንኳኑ ውስጥ ድምፅ ሰማ።

«ጨምር!»

እህቴ ናት። «ይሄ ካፊያ ነው! ጨምር!» እያለች በሳቅ ትፈርሳለች። ከተጋቡ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም ብላኛለች። ጠዋት ደመናው ሲገለጥ መስኮቷን አየቻት፤ ጥፍር ታህላለች አለችኝ። ይህን ስትነግረኝ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር፤ እኔም አልቀረሁም።

በተመለሱ ማግስት ልጠይቃቸው ሄድኩ። ጋሼ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ እግሩን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ ያስነጥሳል።

«እንዴት ነው ጋሼ፣ ድንኳኑ ያፈሳል?» አልኩት።

ተናፈጠና ቀና ብሎ አየኝ።

«እኔ ምን አውቄ?» አለ። «ውጭ ነበርኩ።»