አታልቅሺው ብላኝ ነበር

የቲያትር ቡድኑ ልጆች ዘንዘልማ ከልጄ ቤት ድረስ በባጃጅ መጥተው «እማማ አስረበብ፣ እርስዎ መድረክ የወጡበትን ጊዜ ይንገሩን» አሉኝ። እነዚህ ልጆች ያኔ ገና አፍንጫቸው ያልተጠረገ ነበሩ። የሰሙት ጨዋታውን ብቻ ነው፤ ፊደል ያልቆጠረች አልቃሽ መድረክ ወጥታ አዳራሹን ሙሉ እንዳስለቀሰች፣ ድምፅ ማጉያ ሲያስጠጉላት «ይህን ዘነዘና ከአፌ አንሱልኝ» እንዳለች። እሱን ፈልገው ነው የመጡት። እኔም ስቄ እሺ አልሁ። የልጅ ልጄ ስልኳን ከፊቴ አድርጋ «በይ እምዬ፣ አንቺ ተናገሪ፣ እኔ እጽፈዋለሁ» ስትለኝ ግን አፌ ላይ የመጣው ሌላ ሆነ። ይህን ለሰው ነግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርሁም። ሰው ማማቴን ነገርሁ፣ ጾም መግደፌን ነገርሁ፤ ይህን ግን ዋጥሁት። እናንተ የምታነቡት፣ እንደ ንስሐ አባት ሆናችሁ ስሙኝ።

ሙሾ አውራጅ ነበርሁ። ከሰባታሚት እስከ ሐሙሲት ያልተጠራሁበት ለቅሶ የለም። ሥራው እንዲህ ነው፤ ድንኳኑ ውስጥ ከመቆሜ በፊት ከሟች ወገን አንዱን ገለል አድርጌ እጠይቃለሁ። ምን ይወድ ነበር? ምን ሳይጨርስ ሄደ? እነሱም እንባቸውን እየጠረጉ «ይህን አልቅሺ፣ ያን ተይው» ይሉኛል። ተይው የተባልሁት ከእኔው ጋር ይቀራል። ሰው የሚያምነኝ በዚህ ነበር።

የዝብነሽ ጎረቤቴ ነበረች፤ አጥራችን አንድ። ሁለት ሴቶች ልጆች ነበሯት፣ ያምሮትና ታናሿ ዘመናይ። ያምሮትን አባቷ ገና ልጅ ሳለች ከሐይቁ ማዶ ላለ ሰው ዳራት። የዝብነሽ አልወደደችውም፤ ግን የእሷን መውደድ ማን ጠየቀ? ዓመት ሳይሞላ ያምሮት ሰጠመች። ጣናን የማያውቅ ሰው ጠዋት ሲያየው ኩሬ ይመስለዋል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ግን የደንገል ታንኳ ቀርቶ የሞተር ጀልባውንም ያንገላታዋል። አገሩ የሰማው «እናቷን ልትጠይቅ ስትመጣ ታንኳው ተገለበጠ» የሚለውን ነው።

የለቅሶው ዕለት የዝብነሽን እንደ ልማዴ ወደ ጓሮ ወስጄ ጠየቅኋት። ጸጉሯን ነገረችኝ፣ ሳቋን ነገረችኝ። ከዚያ ክንዴን ጨብጣ «አስረበብ፣ ስትመጣ አይደለም የሰጠመች፣ ስትመለስ ነው» አለችኝ። «ከባሏ ጠፍታ ደጄ ደርሳ ነበር። ክፈቱልኝ ብላ ነበር። እኔ ነኝ ያልከፈትሁላት። ይህን አታልቅሺው።»

«በማርያም፣ ከአፌ አይወጣም» አልኋት። ያን ቀንም አልወጣም። ጸጉሯንና ሳቋን አለቀስሁ፤ በሩን ተውሁት።

ዓመታት አለፉ። የሰፈራችን ወጣቶች ያለ ዕድሜ ጋብቻን የሚቃወም ቲያትር አዘጋጁ። መጨረሻ ላይ የተዳረችው ልጅ ትሞታለች፤ ሙሾ የምታወርድ ሲፈልጉ እኔን ጠሩኝ። ቲያትሩ አለቀ ተብሎ ሰው ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ድምፅ ማጉያው በወንበሩ መካከል እየዞረ «እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?» እየተባለ ክርክር ይደረጋል። እኔ ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ በጣም ደስ አለኝ። ለቅሶ ቤት ማንም እኔን አያየኝም፣ ዓይኑ ሁሉ ሬሳው ላይ ነው። መድረክ ላይ ግን የሚያዩት እኔን ነው።

መጀመሪያ ሰባታሚት አሳየን። ሙሾዬ አልያዘም። ያልሞተች ልጅ፣ የማላውቃት ልጅ፣ ምኗን ላልቅሳት? ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ መሪያቸው አንዷለም «እማማ፣ ለሞተች ልጅ እኮ ነው የሚያለቅሱት፣ ለጠፋች ዶሮ አይደለም!» አለኝ። ሁሉም ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ውስጤ ግን አረረ። አገር ያስለቀስሁ እኔ በልጆች ልሳቅ?

ቀጥሎ በራሳችን ሰፈር አዳራሽ ነበር። የዝብነሽን የጠራኋት እኔው ነኝ፤ «ነይ እንጂ፣ መድረክ ላይ እይኝ» ብዬ። ከዘመናይ ጋር መጥታ ከፊት ተቀመጠች። አላየኋትም አልልም። አየኋት። ዓይኗ ዓይኔ ላይ እያለ አፌን ከፈትሁ፦

እምዬ ስትል ቆማ በሩን ማን ከፈተ፣
ሐይቁ ደግ ሆነና ገላዋን ከተተ።

አዳራሹ ተናጋ። ወንዱ ሁሉ አንገቱን ደፋ፣ ሴቱ ደረቱን መታ። እኔስ? እኔ ደስ አለኝ። የሞተችውን ልጅ እያለቀስሁ ደስ አለኝ፤ ከዚህ የባሰ ምን ልንገራችሁ?

መብራቱ ሲበራ አንዷለም «በሩን ያልከፈተችው እናት ምን ማድረግ ነበረባት?» ብሎ ጠየቀ። አንዱ ተማሪ ተነሥቶ «እንዲህ ያለችዋ መታሰር ነው ያለባት!» አለ። አንዲት ባልቴት «ኧረ እሷ እናት አይደለችም፣ ድንጋይ ናት!» አሉ። ተጨበጨበ። ስለ አባትየው የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም፤ እኔም በሙሾዬ አባት አላስገባሁም። ከዚያ አንዲት ልጅ ወደ እኔ ዞራ «እማማ፣ ይህ የሆነ ነው ወይስ የፈጠሩት?» አለችኝ።

ፈጠርሁት ማለት እችል ነበር። አንድ ቃል ነበረች። «የሆነ ነው፤ በእነዚህ ዓይኖቼ አልቅሻታለሁ» አልሁ።

በሰፈራችን ሐይቅ የበላው ልጅ የማን እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። ራስ ሁሉ ወደ አንድ ወንበር ዞረ። የዝብነሽ ተነሣች። ድምፅ ማጉያውን ተቀበለች፣ «በሩን መክፈት ነበረባት» አለች፤ በሁለት እጇ መልሳ ሰጠችና ዘመናይን ይዛ ወጣች።

በማግስቱ በአጥሩ ላይ «እንዴት አደርሽ አስረበብ» አለችኝ፣ እንደ ሁልጊዜው። ምነው በሰደበችኝ! ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ ሴቶቹ ወሬ ያቆማሉ። ጎረምሶቹ ከኋላዋ «ኧረ በሩን ክፈቱላት!» እያሉ ይሳሳቃሉ። እኔ ሰምቼ ዝም አልሁ። ክረምቱ ሳይገባ ዘመናይን ይዛ ሐሙሲት እኅቷ ዘንድ ሄደች። እኔስ ምን አደረግሁ? ሙሾውን ተውሁት? አልተውሁትም። በየሄድንበት ያንኑ አወረድሁ፤ ያስለቅስ ነበራ።

የቲያትሩ ልጆች ይህን ሲሰሙ ሊያጽናኑኝ እንደሚፈልጉ አውቃለሁ። «ያን ቀን አንድ አባት ከአዳራሹ ወጥቶ የልጁን ሠርግ አፍርሷል» ይሉኛል። እውነት ነው፣ አፍርሷል። ልጅቷም ተምራ ሰው ሆናለች፣ እግዜር ይመስገን። ግን እኔ አፌን የከፈትሁት ለእሷ ነበር? አልነበረም። የማላውቃት ልጅ ስለዳነች ያመነችኝን ሴት መሸጤ ይቀራል? አይቀርም። ይህን ምክንያት ራሴ ስንት ጊዜ ሞክሬዋለሁ፣ አልገጥም አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ዟሪ ሆንሁ። ሰው ገዳም ለገዳም ስዞር ያየኝና «እንዴት ያለች መንፈሳዊት» ይላል። በጀልባ ሴት የሚገባባቸውን ደሴቶች ሁሉ ተሳለምሁ፣ ጠበል ጠጣሁ፣ ሰገድሁ። ወደ ጎንደር ስሄድ አውቶቡሱ ሐሙሲት ይቆማል፤ ሰዉ ሻይ ሊጠጣ ይወርዳል፣ እኔ በመስኮት አያለሁ። ቤቷ ከመንገዱ ሩቅ እንዳልሆነ አውቅ ነበር። አልወረድሁም። ደሴት ድረስ ባሕር የተሻገርሁት ሴትዮ ያችን መንገድ መሻገር ከበደኝ። ይቅርታ የሚጠየቀው ከማን እንደሆነ ጠፍቶኝ ነው? አልጠፋኝም። ፈራሁ። እንጂማ በሕይወት እያለች ብዙ ጊዜ ነበረኝ። እናንተን ይቅር በሉኝ ብል ምን ታደርጉልኛላችሁ? የበደልሁት እናንተን አይደለም።

መሞቷን የሰማሁት ዘግይቼ፣ ከተቀበረች በኋላ ነው። ያኔ ወረድሁ። ሐሙሲት ለቅሶ ስደርስ ዘመናይ የልጆች እናት ሆናለች። አላባረረችኝም። ውሃ ሰጠችኝ፣ እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ። ሰዉ ሲቀል አጠገቤ ተቀምጣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለችኝ።

«እማማ አስረበብ፣ በቁሟ እንዳልናገር አስምላኝ ነበር። ያምሮት የመጣች ዕለት እናቴ ገበያ ሄዳ ነበር፣ እዚሁ ሐሙሲት። ቤት የነበርሁ እኔ ነኝ፣ ብቻዬን። አባቴ ‹ጠፍታ ብትመጣ እንዳትከፍቺ፣ እገልሻለሁ› ብሎኝ ነበር። ስሜን እየጠራች አንኳኳች፤ አልከፈትሁም። ለእርስዎ ‹ያልከፈትሁ እኔ ነኝ› ያለችዎ፣ ያምሮትን ደጃችን ቆማ ያየ ሰው ካለ በእኔ ሳይሆን በእሷ እንዲወራ ብላ ነው። አዳራሹ ውስጥም ልነሣ ስል ጉልበቴን ተጭና አስቀምጣኝ ነው የተነሣችው።»