ግጥሜን የመረመሩት ሰው

ግጥም የምትጽፉ ሁሉ ስሙኝ፤ እኔ አሁን ግጥሜን የማነበው ማንንም ሳላስፈቅድ፣ ገበያ መሀል ቆሜ ነው። ለምን መሰላችሁ?

ላሊበላ ውስጥ የአንድ ሆቴል ልብስ አጣቢ ነኝ። በከተማችን የግጥም ምሽት ላይ ለማንበብ አንድ አንቱ የተባሉ መርማሪ «ይሁን» ማለት አለባቸው። እኔም ደብተሬን ወስጄ ሰጠኋቸው።

በሳምንቱ አስጠሩኝ። ሰው በተሰበሰበበት መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሁለት ጊዜ አነበብኩት» አሉኝ። «ቤት አይመታም፤ ጥልቀት የሚባል ነገር የለውም። ከኩልመስክ ገጠር መጥቶ ገጣሚ መሆን እንዲህ ቀላል መሰለሽ?»

ፊቴ ጋለ። «ጋሼ፣ አንድም ደህና የለውም?» አልኳቸው።

«ስለ እናትሽ የጻፍሽው ትንሽ ይሻላል። እሱም ቢሆን ስሜት ይጎድለዋል።»

እንባዬን ዋጥ አድርጌ፣ ደብተሩን ተቀብያቸው ወጣሁ። እናቴን የቱ ጋ እንዳበላሸኋት ለማየት መንገድ ላይ ደብተሩን ገለጥኩት። «አንሶላ አሥራ ሁለት፣ የትራስ ልብስ ሃያ፣ ፎጣ ዘጠኝ» ይላል። ቀጣዩም ገጽ እንዲሁ ነው፤ ሁሉም እንዲሁ ነው። ለካ በጥድፊያ ተሳስቼ ያስረከብኳቸው የሆቴሉን የእጥበት መዝገብ ኖሯል!