እማማ የጸለዩበት ካሜራ

ማደንዘዣ ሰጪ ነኝ፤ በእጄ ደግሞ እኮራለሁ። የተኛ ታካሚ ጉሮሮ ውስጥ የመተንፈሻ ቱቦ ሳስገባ ሁለተኛ ሙከራ ብዙም አላውቅም። ስለዚህ ላፍቶ ያለው ሆስፒታላችን ጉሮሮን በስክሪን የሚያሳዩ ሁለት ባለካሜራ መሣሪያዎች አምጥቶ «አወዳድርልን» ሲለኝ፣ ከኔ ሌላ ማንን ሊል ነው አልኩ። ለማን በየትኛው እንደምሠራ የሚወስነው ዕጣ ነው፤ ዕጣው ያለበት ፖስታ የሚከፈተውም ታካሚው ከተኛ በኋላ ነው።

አንድ ጠዋት ለሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ከለቡ ለመጡ አንዲት ጴንጤ እናት ይህንን አስረድቼ ሁለቱንም፣ ጥቁሩንና ነጩን፣ አሳየኋቸው። «ልጄ፣ ልጸልይ» አሉና እጃቸውን ጥቁሩ ላይ ብቻ ጫኑ። ጸሎቱ ረዘመ። ሐኪሙ ሰዓቱን ያያል፣ ነርሷ በጭምብሏ ውስጥ ትስቃለች። እኔም ጨንቆኝ «አሜን!» አልኩ።

ሲተኙ ፖስታውን ብከፍተው ነጩ ወጣ።

«ወይኔ! ምን ልትላቸው ነው?» አለች ነርሷ።

ዕጣ ዕጣ ነው። በነጩ ሠራሁ፤ ቱቦው በመጀመሪያው ሙከራ ሰተት ብሎ ገባ። ደረቴን ነፋሁ።

ሲነቁ ግን በሻከረ ድምፅ «በየትኛው ሠራኸኝ?» አሉኝ። መዋሸት አቃተኝ።

«ይቅርታ እማማ፣ በጸለዩበት አይደለም። በነጩ ነው።»

ፊታቸው በራ።

«ጌታ ይመስገን! ያ ጥቁሩ ገና ሳየው አላማረኝም። በሱ እንዳትነካኝ እኮ ነው የጸለይኩት።»